ደብዳቤ ለልጄ፦ ስታቲስቲክሱን አትሽሺው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጎንደር ብርዱ ገባ ወጣ እያለ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ደከም ብሎብኛል። ስታቲስቲክሱ እንደከበደሽ ነገርሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ «ቆይ፣ ሳይኮሎጂ ተምሬ ምን ልሆን ነው?» አልሽኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በቅጡ አላወራንም። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ዲፓርትመንት ለመቀየር አትቸኩይ። የምለምንሽ ይህንኑ ነው።

ሰው ሳይኮሎጂ ሲባል የሰውን ልብ በዓይን አይቶ ማወቅ ይመስለዋል። አክስትሽ እንኳ በቀደም ቡና ላይ «ስትመጣ እኔንም ታንብበኝ» ስትል ነበር። ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። ቪልሄልም ቩንት የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ላይ ቤተ ሙከራ የከፈተው፣ የአእምሮን ሥራ በግምት ከማውራት ይልቅ ልለካው ብሎ ነው። መለካት ካለ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ትተሽ ሳይኮሎጂን ልማር ብትዪ የሚተርፍሽ ወሬው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሥራ አለ። ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠሯቸው። የመጀመሪያው ውጤት ተመልሶ የተገኘው ከግማሽ ባነሱት ላይ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ሙያውን ይበልጥ አከበርኩት። የራሱን ጉድለት በአደባባይ የሚመረምር ሙያ ብዙ የለም። ግን የቱ ጥናት እንደሚታመን፣ የቱ እንደማይታመን ለመለየት ያ የሸሸሽው ኮርስ ያስፈልግሻል። ደግሞ ከነዚያ ጥናቶች አብዛኛዎቹ የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ ሰው ላይ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የደምቢያ ገበሬ እዚያ ውስጥ የለም። የአዘዞዋ ጠላ ሻጭም የለችም። እነሱን ማን ይጠይቃቸው?

አጠናንሽን በተመለከተ የገዛ ሙያሽ መልስ አለው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ የሳይኮሎጂ ሰው ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ ሞከረ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የሚረሳው አብዛኛው ነገር ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይረሳል። ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይቀንሳል። ከፋፍሎ ያጠና ደግሞ በአንድ ጊዜ ካጨቀው ይሻለዋል። ስለዚህ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ከማፍጠጥ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሥሪ። ጥያቄውን ደግሞ በእጅሽ ሥሪው፤ የጓደኛሽን ደብተር ማየት መሥራት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ፤ ያኔ የዛሬው ሁሉ ይጠቅምሻል።

አሁን ለምን አጥብቄ እንደያዝኩሽ ልንገርሽ። በቅርቡ አንዲት እናት ጤና ጣቢያ መጡ። ራሳቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረዋል። «ሲስተርዬ፣ እዚህ ላይ ያቃጥለኛል» ብለው አናታቸውን በጣታቸው ነኩልኝ። ግፊታቸውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ላብራቶሪውም ምንም አላሳየም። ተራ ጠባቂው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ቢሆንም ወንበሬን ሳብ አድርጌ «ከመቼ ወዲህ ነው፣ እማማ?» አልኳቸው። «ልጄ ከቀረ ወዲህ» አሉ። ከዚያ ዝም። የነጠላቸውን ጫፍ እየፈቱ መልሰው ያስሩ ጀመር። ወደ አእምሮ ሕክምና ላክኋቸው። ግን እኛው ዘንድ አንድ ሰው ቢኖር፣ ቁጭ ብሎ በወጉ የሚሰማቸው፣ እንዴት ባገዛቸው!

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ብዙ ነው። ራስ ምታት ነው ይላል፤ ጨጓራ ነው ይላል። ጸበልም ይሄዳል። ጸበሉን አትናቂበት፣ ልጄ። እኛም የምንለው መድኃኒትህን አታቋርጥ ነው እንጂ ጸበልህን ተው አይደለም። የሰውን እምነት የናቀ ባለሙያ ሰው አያዋየውም።

«ምን ልሆን ነው?» ላልሽው ደግሞ፣ እውነቱን እወቂው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ቴራፒስት፣ ማለትም ሰውን በንግግር የሚያክም ባለሙያ፣ አትሆኚም። ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ የሚሆነው ሕክምና የተማረው ነው፤ ያ ሌላ መንገድ ነው። አንቺ በዲግሪሽ ትምህርት ቤት ተማሪ ማማከር፣ ተፈናቃዮችን ከሚረዱ ድርጅቶች ጋር መሥራት፣ በሰው ኃይል ክፍል መቀጠር ትችያለሽ። ሰው ማከም ከፈለግሽ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ያስፈልግሻል። ሩቅ ነው፤ አይቀርም።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ምን ይሠራል ለሚልሽ የጎንደርን ታሪክ ንገሪው። በ1947 ዓ.ም. እዚህ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ያስተማረው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒተሪ (የአካባቢ ንጽሕና) ባለሙያዎችን ነው። በቡድን ሆነው ነው ጤና ጣቢያዎቹን ያቆሙት። ሐኪም እስኪበዛ አልተጠበቀም። የአእምሮ ጤናም ያለ እንደ አንቺ ዓይነቱ ሰው በሐኪም ብቻ አይሆንለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአእምሮ ሕመም ኮርስ ስትጀምሪ ያነበብሽው ምልክት ሁሉ ያለብሽ ይመስልሻል። በጤና ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ አትደንግጪ። ግን የዶርም ጓደኞችሽን «አንቺ እንዲህ አለብሽ» እያልሽ ስም አታውጪላቸው። ከልብ የከበደሽ ነገር ካለ ደግሞ ግቢው ውስጥ አማካሪ አለ፤ ሂጂ። ለእኔም ደውዪ፣ ተረኛ ብሆን እንኳ አነሳለሁ።

ለካልኩሌተሩ ብር ልኬልሻለሁ። ከመምህርሽ ጋር ተገናኝተሽ ያልገባሽን ቦታ ጠይቂና ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ፣ ከጎንደር