ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ

ካፒቴን፣ እንዴት ነህ? «ሞተር ክፍል ነው የምሠራው አልኩህ እኮ» ብለህ እንደምትበሳጭ አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው።

ጠፋሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ይቅር በለኝና እንለፈው። «ሲቸግረው ትዝ አልኩት» ልትል ነው አይደል? በል፣ እውነትህን ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ያ ጣና ዳር እሽኮኮ አድርገህ ታዞረው የነበረው፣ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ሥራ አገኘ። ሞተር ክፍል፣ እንዳንተው። እናቱ እልል ብላለች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ምን አስነካኝ እንጃ፣ ሌሊት ሌሊት ስለ ጥንቶቹ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች አነባለሁ።

ኖርደንሾልድ የምትባለዋን ሰምተህ ታውቃለህ? በካስፒያን ባሕር ላምባ ያመላልሱ ከነበሩት የነዳጅ ነጋዴው የሉድቪግ ኖቤል መርከቦች አንዷ ናት። በፈረንጆቹ 1881 ባኩ ወደብ ላይ ላምባ እየተሞላላት ሳለ ድንገተኛ ነፋስ ገፋት። ቱቦው ተነቀለ። ላምባው ላዩ ላይ ፈሰሰና ወደ ሞተር ክፍል ወረደ። እዚያ ታች መካኒኮች እየሠሩ ነበር። በምን ብርሃን? በላምባ ፋኖስ! ፈነዳች፤ ግማሹ ሠራተኛ አለቀ። ኖቤል የማያፈስና እንደልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ ያበጀው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ «ምንድነው የሚንጠባጠበው?» ሲል ይታየኛል። ፊቱ ደግሞ የልጁ ፊት ነው።

ስለ ሙሬክስ ሳነብ ትንሽ ተንፈስ አልኩ። በ1892 በስዊዝ ካናል ያለፈች የመጀመሪያዋ ነዳጅ ጫኝ ናት፤ ከጥቁር ባሕሩ ወደብ ከባቱሚ 4,000 ቶን ያህል ላምባ ይዛ ወደ ሲንጋፖርና ባንኮክ። ካናሉን ያለፈችው በነሐሴ ነው። በዚያ ወቅት ቀይ ባሕር ላይ የቦይለር እሳት ፊት የሚቆመውን አስበው! አንተ ኤሲ ተበላሸ ብለህ ስታለቅስ። ሲመለሱ ደግሞ ሩዝ እንኳ መጫን እንዲቻል ላምባው የነበረባቸው ታንከሮች በእንፋሎት ይታጠቡ ነበር። ላምባ ላምባ የሚለው ወጣችን ትዝ አለኝ። አንተ ግን ሁለቴ ትጨልፍ ነበር።

እስቲ ንገረኝ፤ የናንተ መርከብ ሲጫን ታች ማን ይቀራል? ጋዝ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? «ድሮ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ» ብቻ ብለህ እንዳትሸውደኝ።

እናቱ ይህን አታውቅም፤ አደራ። ስልኩን እልክልሃለሁ፣ ደውልለት። እኔ እንዳስደወልኩህ ግን አትንገረው፤ አኩራፊ ነው። ሌላም ነገር ነበረኝ... ተወው፣ በስልክ ይሻላል። የሚሄደው ከጥምቀት በኋላ ነውና ቶሎ በል።