ስቱዲዮው የእነሱ፣ ዙሩ የቆጣሪው

ክቡር አዘጋጅ፣

የመዝናኛ ፕሮግራም አቅራቢዎች ስፖርት ስርጭት ውስጥ ይግቡ አይግቡ እየተባለ ብዙ ተወርቷል። ገብተዋል እኮ! የሚያከራክረን የት ይቀመጡ የሚለው ቢሆን ይሻላል።

ስቱዲዮ ላይ ጎበዞች ናቸው። ዳይሬክተሩ በጆሯቸው "30 ሰከንድ ቀረ" እያለ ሲቆጥርባቸው ሳይደናገጡ የእንግዳውን ወሬ ቋጥረው ወደ ማስታወቂያ ይወጣሉ። ጫማውን ትናንት የሰቀለ ተጫዋች ይህ አይሆንለትም፤ ዋናው ነጥብ ላይ ሲደርስ ሰዓት ያልቅበታል። ሰዓቱን አቅራቢው፣ ጨዋታውን ተንታኙ ቢይዙት ሁለቱም ያምርባቸዋል።

የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ለፓሪስ ኦሊምፒክ ራፐሩን ስኑፕ ዶግን ሲያሰልፍ ቦታውን ለይቶ ነበር። ሰውየው በአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሰሞን 200 ሜትር በ34.44 ሰከንድ ሮጦ አሳቀን፣ ፓሪስም በየሜዳው ዞረ። የ100 ሜትር ፍጻሜ ሲደርስ ማይኩ የባለሙያዎቹ ነበር። ያም ሆኖ አስተላላፊው ሊ ዲፊ ጃማይካዊውን ኪሻን ቶምፕሰንን አሸናፊ ብሎ ጮኸ፤ ኖህ ላይልስ በ0.005 ሰከንድ ቀድሞት ነበር። እንዲህ ተቀራርበው ሲገቡ ውጤቱ ስክሪን ላይ እስኪወጣ ስም አለመጥራት ነው። ዝምታ ለሚከብደው የመድረክ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም።

እኛ ጋ ጉዱ የሚታየው 10 ሺህ ሜትር ላይ ነው። 25 ዙር ነው። ዙሩ በ64 ሰከንድ ከሄደ ውድድሩ በ26:40 ያልቃል፤ በ66 ከሄደ 27:30። ይህን እያሰላ የሚነግረን ካጣን ሰው ሲዞር ማየት ብቻ ይሆናል። ምስሉ ከውጭ ስለሚመጣ መሃል ላይ ወደ ዝላይ ወይም ውርወራ ይሄዳል፤ ሲመለስ አንድ ዙር ያለፈበት ጊዜ አለ። ሰዓትና ወረቀት ያልያዘ አስተላላፊ ያኔ ይጠፋበትና የተደረበውን፣ ማለትም አንድ ዙር የተቀደመውን ሯጭ መሪ ያደርገዋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2016 በፓሪሱ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 ሲያሸንፍ በሪሁ አረጋዊ የብር ሜዳሊያውን ከአሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ያስቀረው በ0.02 ሰከንድ ነው። ሦስቱ ልጆቻችን መሪነቱን እየተቀባበሉ ፍጥነቱን ያከረሩት ፈጣን አጨራረስ ያላቸውን ሯጮች እግር ቀድሞ ለማድከም ነበር። ይህ የሚነገረው ሩጫው ላይ እያለ እንጂ ማታ በስቱዲዮ አይደለም። በዚያ ሰዓት ስለ ሯጮቹ ፀጉር አቆራረጥ ቀልድ ከመጣ ታክቲኩ አመለጠ ማለት ነው።

ዝግጅቱ ብዙ ወጪ የለውም። በአንድ ወረቀት የሯጩ ቁጥር፣ የመለያው ቀለም፣ ምርጥ ሰዓቱና የስሙ አጠራር ይጻፍ። ከአስተላላፊው ጎን ዙርና ሰከንድ ብቻ የሚይዝ ሌላ ሰው ይቀመጥ። ለቃለ መጠይቅ አቅራቢው ይሂድ፣ ነገር ግን ተንታኙ ያዘጋጀለትን አንድ ጥያቄ ይዞ፤ "ምን ተሰማህ?" ከሚል "ለምን 300 ሜትር ሲቀር ጀምረህ ወጣህ?" ቢል ደህና መልስ ያገኛል። አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ለሚቀናው አትሌት አስተርጓሚ ይቁምለት፤ ትንፋሹ ገና ሳይመለስ በማይቀናው ቋንቋ ማስጨነቅ ነውር ነው።

ከተኩሱ እስከ ውጤቱ የአቅራቢው ማይክ ይዘጋ። መዝጊያው ደግሞ በራሱ እጅ ሳይሆን በድምፅ ባለሙያው እጅ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአትሌቲክስ ተከታታይ፣ አዲስ አበባ