ሶየር የሾርባ ሰው ብቻ አልነበረም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ድሮ ሼፎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አሌክሲስ ሶየርን «ለአየርላንድ ረሃብተኞች ሾርባ ያበሰለ ፈረንሳዊ» ብላችሁ በአንድ መስመር ማለፋችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ደብሊን ሄዶ አብስሏል። ስሙን የተከለው ግን ዋና አብሳይ የነበረበት፣ ሪፎርም ክለብ የተባለው የለንደን የወንዶች የአባላት ክለብ ማድ ቤት ነው።

እኔም ከምድጃ ጋር ነው ውዬ የማመሸው፤ ስለዚህ የሰውየው ብልሃት ይገባኛል። ክለቡ ፓል ሜል በተባለው የለንደን ጎዳና ላይ ያሠራው ሕንፃ በ1841 ሲከፈት፣ ሌላው በከሰል ጭስ ሲታፈን፣ ሶየር በጋዝ ያበስል ነበር። እሳቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይችላል! ዓሣው በበረዶ ውሃ በሚቀዘቅዝ እብነ በረድ ላይ ይቀመጣል። መሀል ላይ ባለ12 ጎን ጠረጴዛ አለ። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች በጠረጴዛው ውስጥ ያልፋሉ። ምሰሶዎቹ ላይ ደግሞ ቅመም፣ ጨውና የተከተፈ ቅጠላ ቅጠል የያዙ የመዳብ ሣጥኖች ተገጥመዋል። አብሳዩ እጁን ዘርግቶ ማንሳት ብቻ ነው። ዛሬ ጨው ፍለጋ ማድ ቤቱን ለምንዞር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጎብኚ ይጎርፍ ነበር፤ ሶየርም ቆቡን ዘንበል አድርጎ ራሱ ያስጎበኛል። ጉራ ይወድ ነበር፣ አልክድም።

አንድ ነገርም ጨምሩልኝ። በዚያ ማድ ቤት ሴቶች ይሠሩ ነበር። ክለቡ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው ግን በ1981 ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አብሳይ አንባቢያችሁ