ጠዋት ስላለው ጭስና አቧራ፦ ለወላጆች በሙሉ

ውድ ወላጆች እንደምን ሰነበታችሁ፣

ዝናቡ ካቆመ ወዲህ እንደምታዩት ኮረኮንቹ ደርቆ ባጃጅና አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አቧራው ግቢያችን ድረስ ነው የሚገባው፣ በዛ ላይ ጠዋት ጠዋት ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ የሚያቃጥል አለ፣ ከሰል የሚያያይዝ አለ፣ ጎንደር ደሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ወደላይ አይወጣም፣ ፀሀይ ሞቅ እስክትል መሬት ለመሬት ተኝቶ ይቆያል። ልጆቻችን ሰልፍ የሚቆሙት ልክ በዛ ሰአት ነው።

አቧራውን ለምደነዋል የምትሉ አላችሁ። ግን በአይን የሚታየው አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ የሚያሳስበኝ ከጭስና ከናፍጣ የሚወጣው ነው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር (አንዱ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚያንስ ብናኝ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ልጅ ደሞ ከክብደቱ አንፃር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል፣ ሲሮጥማ ይብሳል።

ስለዚ ከሰኞ ጀምሮ ጭስ ባለበት ጠዋት ሰልፍ የለም፣ መዝሙሩ ክፍል ውስጥ ይሆናል። የጠዋት ስፖርት ወደ 5ኛና 6ኛ ፔሬድ ዞሯል፣ ነፋስ ካነሳ ግን ይቀራል። ተረኞች ጠዋት በደረቁ መጥረግ አቁመዋል፣ ማታ ውሃ ተረጭቶ ይጠረጋል።

አሁን ከናንተ የምፈልገው። በመኪናም በባጃጅም የምታመጡ እባካችሁ በር ላይ ሞተር አጥፉ፣ ወይ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አውርዱና በእግር ይምጡ፣ የጭስ ማውጫው እኮ ልክ የኬጂ ልጆች ፊት ጋር ነው።

አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ በፍፁም አትደብቁን። በቅርቡ አንዷ ልጃችን ስፖርት ላይ ደረቷ ሲያፏጭ አስተማሪዋ ምን እንደሆነ አላወቀም፣ ፓፏ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድሀኒቷ) ቤት ነበር፣ እናቷ ይዛ እስክትደርስ የነበረው ጭንቀት ከአይኔ አልጠፋም። ፓፉን ስም ፅፋችሁበት ቦርሳው ውስጥ አድርጉ፣ ለስም ጠሪ መምህሩም ንገሩ። ልጁ አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይ ሲተነፍስ ጎድኑ ወደውስጥ ከገባ ፓፍ እየሰጣችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ የለም።

ማስክ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፣ የጨርቁ ለወፍራም አቧራ ትንሽ ይረዳል፣ ጭሱን ግን አያስቀርም። ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ጎረቤቶችን እኛም እያናገርን ነው፣ እናንተም በየሰፈራችሁ አናግሩልን፣ ቢያንስ ልጆች በሚገቡበት ሰአት እንዳይለኩሱ።

ር/መምህር