ጋሼ፣ ይሄ መኪና የቅንጦት አይደለም

ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ቤተሰቡስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ፣ ምክንያቱም የላክልኝን የድምፅ መልእክት ከሰማሁ ጀምሮ መሪ እንደያዝኩ በሆዴ ካንተ ጋር ስከራከር ነው የሰነበትኩት።

«እህትህ ልትዳር ነው፣ እናትህ ታማለች፣ አንተ ቤት የሚያህል ፒካፕ ገዝተህ ፎቶ ትለጥፋለህ» ነው ያልከኝ። መጀመሪያ ነገር ፎቶውን የለጠፈው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ደግሞም ዝም ያልኩት ጠግቤ አይደለም። ያለኝን ሁሉ ለመኪናው ቅድመ ክፍያ አራግፌ ነበር። ባዶ እጄን ደውዬ ምን ልበል? እማዬን ታውቃታለህ፣ ገና «ሃሎ» ስል ኪሴ ውስጥ ያለውን ትቆጥራለች። አሁን ሥራ መግባት ስለጀመረ ሰኞ ዕለት ብር ልኬያለሁ። ከሱ ላይ መጀመሪያ የእማዬን ምርመራና መድኃኒት ክፈሉ፣ የተረፈው ለሰርጉ ይሁን። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ወር እጨምራለሁ። ይሄን ለሙሽራዋም ንገራት፣ እኔ ስደውል ስልኩን ለሌላ ሰው እየሰጠች ታመልጠኛለች። ተቀይማኛለች መሰለኝ።

አሁን ስለ መኪናው። እዚህ አሜሪካ የምሠራው ጭነት ማመላለስ ነው። ከፒካፑ ጀርባ ረጅም ተሳቢ ቀጥዬ መኪና፣ ትራክተር፣ አነስተኛ ኤክስካቫተር፣ የተገኘውን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው አደርሳለሁ። የእንጀራ ገመዴ እሱ ነው። እሱ ሲቆም እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

«ቶዮታ እያለልህ የአሜሪካ መኪና ውስጥ ምን ከተተህ?» ስትለኝ ግን ሳቄ መጣ። ቶዮታን አልሳደብም፣ አንተ ፊት ማን ደፍሮ! ሃይሉክስም ሆነ ላንድክሩዘር 70 ለክፉ መንገድ ጌቶች ናቸው። ግን እንዲጎትቱ የተፈቀደላቸው ቢበዛ 3,500 ኪሎ ነው፣ 35 ኩንታል። የእኔ ተሳቢ ደግሞ ባዶውን እዚያው አካባቢ ነው። ገና አንድ ዕቃ ሳልጭንበት ቶዮታው አበቃለት።

እዚህ ለከባድ ጉተታ ሰው የሚያማርጠው ሦስት ነው። ፎርድ ሱፐር ዲዩቲ፣ ራም፣ እና የጄነራል ሞተርሱ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ። ጂኤምሲ ሴራ የሚሉት የሸቭሮሌው መንትያ ነው። 250 ወይም 2500 ከተጻፈበት ቀለል ያለው፣ 350 ወይም 3500 ከተጻፈበት ከበድ ያለው ነው። ተቀጥሬ ስሠራ ሦስቱንም በሰው መኪና ነድቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ከዩቲዩብ ያገኘሁት ወሬ አይደለም።

ጉልበት ብቻ የሚፈልግ ሰው ፎርድ ይግዛ። ከ2023 ሞዴል ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጅ ነው) የሚመጣው ኃይለኛው ባለ 6.7 ሊትር የናፍታ ሞተር 500 የፈረስ ጉልበት አለው። ኤፍ 450 የሚባለው እንደሚገባ ከታዘዘ እስከ 40,000 ፓውንድ ይጎትታል፣ ከ180 ኩንታል በላይ። ያገለገለ ፎርድ ስትገዛ ግን ዓመቱን ሳታይ እጅህን አትዘርጋ። የድሮው 7.3 ናፍታ፣ እስከ 2003 የተሠራው፣ ሰው ዛሬም እያፈላለገ የሚገዛው ነው። ከሱ ቀጥሎ የመጣው 6.0 ደግሞ የቴስታታ ጉዋርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ የሚያሽገውን ንጣፍ) በመብላት ስሙ የጠፋ ነው፣ መካኒኮች ሲያዩት ፊታቸው ይበራል። ከ2011 ጀምሮ ፎርድ ራሱ የሠራው 6.7 በጣም የተሻለ ሞተር ነው። የኔ ፍርሃት ፖምፓው ላይ ነው። ሲፒ 4 የሚባለው የናፍታ ፖምፓ ከተበላሸ የብረት ብናኙን ነዳጁ የሚያልፍበት ሁሉ ይረጨዋል፣ ከዚያ ፖምፓ ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም፣ ኢንጀክተሩም ቱቦውም አብሮ ይቀየራል። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ለትልቅ ድርጅት ምንም አይደለም። ባለ አንድ መኪናን ግን ከሥራ ያወጣዋል።

ሸቭሮሌውን ስነዳ አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። ዱራማክስ የሚባለውን ሞተሩን ጄነራል ሞተርስ የሠራው ከማን ጋር ይመስልሃል? አንተ ስትነዳው ከነበረው ከኢሱዙ ጋር! በ2001 ሞዴል ነው የወጣው። ይሄን ያወቅሁ ቀን ልደውልልህ ነበር፣ እናንተ ጋ ሌሊት ሆነብኝና ተውኩት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና አስገብተኸኝ «ራዲዮውን ዝጋና ሞተሩን ስማ» ትለኝ የነበረውን ታስታውሳለህ? ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሌሊት ብቻዬን ስነዳ ራዲዮ አልከፍትም። አንዳንዴ የሞተሩን ድምፅ እየሰማሁ ጮክ ብዬ ላንተ አስረዳለሁ፣ ሰው ቢያየኝ አብዷል ይለኛል። እንዲህ ስልህ ከፍቶት ነው እንዳትል ደግሞ፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው።

የዱራማክሱ ካምቢዮ አሊሰን የሚባለው ኩባንያ ነበር፣ በዚያ ነው ስሙን የተከለው። የፊት እግሩም ግራና ቀኙ ለየብቻ ስለሚሠራ ለወገብ ሁለቱን ያስንቃል። ፎርድና ራም ባለ ሁለት ዲፈረንሻላቸው ከፊትም ወጥ አክስል ነው ያላቸው፣ ስለዚህ ይነቀንቃሉ፣ ግን ለጥርጊያ መንገድና ለክብደት እኔ ያን እመርጣለሁ። ሰው ሁሉ በዚህ አይስማማም። ይከራከሩ።

የወሰድኩት ራም 3500 ነው፣ ያገለገለ፣ ከኋላ በየጎኑ ድርብ ጎማ ያለው። ምክንያቴ ሞተሩ ነው። ከሚንስ ነው፣ ከ1989 ጀምሮ የዶጅና የራም ፒካፕ ላይ ያለ፣ 6 ሲሊንደሩ በአንድ ረድፍ ቀጥ ብሎ የተደረደረ፣ ልክ እንደ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች። የፎርድና የሸቭሮሌው ባለ 8 ቪ ናቸው፣ ሁለት ቴስታታ፣ ጠባብ ቦታ፣ መካኒኩ አንዷን ነገር ለመንካት ግማሽ መኪና ይፈታል። ጉልበትም አላጣሁም፣ ቶርኩ (የመጠምዘዝ ጉልበቱ) 1,000 ፓውንድ ጫማ የገባ የመጀመሪያው ፒካፕ የ2019 ራም ነው። ደካማ ጎኑ ካምቢዮው ነው ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ግን እስከ 2024 ሞዴል ሁለት ዓይነት ይመጣ ነበር። አንደኛው ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ነው። ሌላው የጃፓኑ አይሲን ነው፣ እኔም ይሄ ያለበትን እስካገኝ ጠበቅሁ። አይሲን የማን ዘመድ እንደሆነ ታውቃለህ? የቶዮታ! ስለዚህ ቶዮታ አልገዛህም ብለህ እንዳትወቅሰኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም «2500ው ይበቃህ ነበር፣ ለታይታ ነው ትልቁን የገዛኸው» ያልከው ነው በጣም ያመመኝ። ማስታወቂያው ላይ «ይሄን ያህል ይጎትታል» የሚለው ቁጥር ሰው ያሳስታል። መታየት ያለበት የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፣ መኪናው በራሱ ጀርባ ስንት መሸከም እንደሚችል እዚያ ተጽፏል። የእኔ ተሳቢ ከኋላ ባምፐር ላይ አይንጠለጠልም፣ ካሶኒው መሃል፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ነው የሚቀመጠው። እንዲህ ሲሆን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶው መኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል። 70 ኩንታል ብጎትት፣ በ20 በመቶ ብናስበው 14 ኩንታል ጀርባዬ ላይ ነው። ናፍታ የሆነ 2500 ደግሞ ሞተሩ ራሱ ከባድ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ 9 ኩንታል አካባቢ የሚል ብዙ ነው። መጎተቱን ይጎትተዋል። ባሌስትራው፣ አክስሉና ጎማው ግን ከልካቸው በላይ ሆኑ ማለት ነው። ድርብ ጎማው ያንን በሰላም ይሸከመዋል፣ ንፋስ ሲመታኝም አይወዛወዝም። እኔ በራሴ ሕይወት ቁማር መጫወት አልፈለግሁም። ታይታ ይሄ ከሆነ ይሁን።

ቁልቁለቱ ደግሞ አለ። ኮሎራዶ ውስጥ አይዘንሃወር የሚባል ዋሻ አለ፣ ከፍታው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ወጥተህ ወደ ምዕራብ ስትወርድ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ነው፣ መንገዱ ዳር ፍሬን እምቢ ላለው መኪና ሽቅብ የሚያስወጣ ማምለጫ ተሠርቷል። እዚያ ላይ መኪና የሚለየው በሚያቆመው ነው። የእኔ ጭሱን አፍኖ ሞተሩን የሚይዝ ፍሬን አለው፣ ኢሱዙህ ላይ የነበረው ዓይነት፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይዤው ፔዳሉን ብዙም ሳልነካ እወርዳለሁ። ይሄንን ለእማዬ እንዳታነብላት። ሜዳ ለሜዳ ነው የሚነዳው በላት።

«ጥቂት ዓመት ነድተህ ለኔ ላክልኝ» ያልከው ነገር ግን አይሆንም ጋሼ፣ አጉል ተስፋ አልሰጥህም። አዳዲሶቹ ናፍታዎች የጭስ ማጣሪያ አላቸው፣ ጭሱን ለማጽዳት ዴፍ የሚባል ፈሳሽም ይፈልጋሉ፣ ፈሳሹ ካለቀ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስብሃል። የሚጠጡት ናፍታ ድኙ ከሚሊዮን 15 እጅ ያልበለጠ መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ናፍታ በማይገኝበት ማጣሪያው ይታፈናል፣ ከዚያ በር ላይ የቆመ ጌጥ ነው። ማጣሪያውን ነቅሎ መጣል የሚሉህን አትስማ፣ ለነሱ ቀላል ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አዲስ ሲገዛ ናፍታው ከቤንዚኑ ወደ 10,000 ዶላር ገደማ ይጨምራል። በወር አንዴ ለሚጎትት ሰው ያ ብር አይመለስም፣ ባለ 7.3 ሊትሩ የፎርድ ቤንዚን ይበቃዋል፣ ጥገናውም ቀላል ነው። እንደኔ በየቀኑ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ግን ናፍታው ራሱን ይከፍላል፣ ሲሸጥም ዋጋ ይይዛል። ያገለገለ የወሰድኩትም የመጀመሪያውን የዋጋ መውደቅ ሌላ ሰው እንዲከፍልልኝ ነው። ከአንተው ነው የተማርኩት።

ግን የወር ክፍያ አለው። ለሰርጉ መምጣት ያልቻልኩት ለዚህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። መኪናው ቆሞ በከረመ ቁጥር ክፍያው አይቆምም። እሷን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁ እኔ ነኝ፣ መቅረቱ የቀለለኝ ይመስላችኋል? ሙሽራውን እንኳን በፎቶ ነው የማውቀው። ዓይኑ ደግ ይመስላል። ሥራ ላይ እንዴት ነው? ሲናገር ያዳምጣታል? እማዬ ወደደችው? አንተ ሰው ታውቃለህ፣ እውነቱን ጻፍልኝ፣ ደህና ነው ብቻ ብለህ እንዳታልፈኝ። ለሷ ደግሞ ወንድምሽ የቀረው ተቸግሮ እንጂ ንቆሽ አይደለም በላት፣ እኔ ለመናገር ስጀምር ድምፄ ይበላሽብኛል።

የእማዬን ነገር ደብቃችሁኛል። ግፊቷ ስንት ደረሰ? «ትንሽ ራሷን አመማት» ብላችሁ ነው የነገራችሁኝ፣ ሐኪም ቤት ያደረችው ግን ለራስ ምታት አይደለም፣ እኔም ሕፃን አይደለሁም። የሐኪሙን ወረቀትና የመድኃኒቶቹን ስም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እዚህ የማውቃት ነርስ አለች፣ አሳያታለሁ። የግፊት መለኪያ ገዝቼ በሰው እልካለሁ። ጠዋትና ማታ እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉት፣ አሻፈረኝ ካለች በኔ ስም ማልላት።

የሰርጉን ቀን ቁርጡን በቶሎ ንገሩኝ። ያን ቀን ጭነት አልይዝም፣ ቻርጀሬን ሰክቼ ነው የምጠብቀው። በቪዲዮ ስትደውሉልኝ ስልኩን አንተ ራስህ ያዘው፣ ለልጆቹ አትስጥ፣ ባለፈው ጣሪያውን ብቻ ሲያሳዩኝ ነው የዋሉት።

ታናሽህ