ስምህን ከመዝገብ ከማሰረዝህ በፊት

ለልጄ፣

ትናንት ስልክ ላይ አንድ ዓመት የቀረህን ዩኒቨርሲቲ አቋርጠህ ያገኘኸውን ሥራ ልትጀምር እንደሆነ ነግረኸኝ «አንቺስ ያለ ዲግሪ አይደል እንዴ ፕሮግራመር የሆንሽው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ሲያብሰለስለኝ አደረ።

እውነትህን ነው። ኮድ መጻፍ የተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። የሰው ኮድ እየገለበጥኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ እንቅልፍ እያጣሁ። ያልነገርኩህ ስንት ነገር እንዳስከፈለኝ ነው።

አንድ ጊዜ ደረሰኞችን ከክፍያዎች ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም ጻፍኩ። 40,000 ደረሰኝ፣ 40,000 ክፍያ። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ የክፍያውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የሚፈትሽ ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ ኮድ) ነበር። በትንሽ ዳታ ስሞክረው ጥይት ነው። ዳታው ሲያድግ ግን ማታ አስነስቼው ሄጄ ጠዋት ስመለስ ገና እየሠራ አገኘው ጀመር። ጥፋቱ የማሽኑ መሰለኝ። ሚሞሪ አስጨመርኩ። አልበቃ ሲል አዲስ ሰርቨር ካልተገዛ ብዬ ተሟገትኩ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

በዚህ መሀል ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ልጅ ተቀጥሮ መጣ። ኮዴን አየት አደረገና «ይሄ እኮ እስከ 1.6 ቢሊዮን ጊዜ ያወዳድራል» አለኝ። ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ነው፣ ሌላ ተአምር አልሠራም። ከዚያ ክፍያዎቹን ሐሽ ቴብል (የሚፈለገው ነገር ዝርዝሩን ሳይፈትሹ በቁጥሩ የሚገኝበት የዳታ አቀማመጥ) ውስጥ አስገብቶ እያንዳንዱ ደረሰኝ በቁጥሩ በቀጥታ እንዲፈለግ አደረገ። ሥራው ወደ 80,000 እርምጃ ወረደ። ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። 2ኛ ዓመት ላይ የተማረው ነገር ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ መፍትሔ መኖሩንም አላውቅ። ጎግል ላይ ምን ብዬ ልፈልገው? ቢበላሽብኝ ኖሮ እማርበት ነበር። ፕሮግራሜ ግን አልተበላሸም፣ ዘገየ እንጂ።

ልጁንም ብዙ አታግንነው። በ3ኛ ወሩ አንድ ደንበኛ ሰርዝ ሲባል የትኛው ብቻ እንደሚሰረዝ የምትወስነውን «ዌር» የምትለዋን መስመር ረስቶ ሙሉውን ሠንጠረዥ አጠፋው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያዳነን ባክአፑ፣ ማለት ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው የዳታው ቅጂ ነው። ባክአፑም የሠራው በየወሩ ሌላ ማሽን ላይ እየመለስኩ እሞክረው ስለነበር ነው። ይህን ልማድ ያመጣሁት ከክፍል አይደለም። ከዓመታት በፊት ስተማመንበት የኖርኩትን ባክአፕ ስከፍተው ባዶ ፋይል ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ለጠላቴም አልመኘውም። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩትን ባክአፕ አምኜ አላውቅም።

ደግሞ የሚያረጀውን ነገር እይ። ፍላሽ የተባለውን የድረ ገጽ አኒሜሽንና ጨዋታ መሥሪያ ጠንቅቄ ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀሁ አትጠይቀኝ። አምራቹ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም ያ ሁሉ ችሎታ ከሲቪዬ ላይ ወረደ። አንተን ክፍል ውስጥ የሚያስተኛህ የሪሌሽናል ዳታቤዝ ሐሳብ (ዳታን በተያያዙ ሠንጠረዦች ማስቀመጥ) ግን ኤድጋር ኮድ (ስሙ ነው፣ እንዳትስቅ) እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ነው። ይኸው ዛሬም እየሠራንበት ነው።

ትምህርቱን አቋርጦ ተሳካለት ብለህ የማይክሮሶፍቱን ቢል ጌትስንም አንስተህብኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 ከሃርቫርድ ሲወጣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኮድ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። አልቴር ለተባለው ኮምፒውተር የሚጽፈው ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ገዢ ተገኝቶለታል። የወጣውም ፈቃድ ወስዶ ነው። ነገሩ ባይሳካ መመለሻ ነበረው። ይህቺን ሰው አይነግርህም።

ወረቀቱ ምን ያደርጋል ላልከኝ ደግሞ አንድ ምሳሌ ልንገርህ። ኤች-ዋን-ቢ ለሚባለው የአሜሪካ የባለሙያዎች የሥራ ቪዛ አንድ የጎደለ የዩኒቨርሲቲ ዓመት የሚተካው በ3 ዓመት የሥራ ልምድ ነው። ጭራሽ ላልተማረ 12 ዓመት መሆኑ ነው። አንተ የቀረህ አንድ ዓመት ነው፣ ሂሳቡን ሥራው። ፍትሐዊ ነው አላልኩም።

ሥራውን አትቀበል እያልኩህ አይደለም። እንዲያውም ብትገባበት ደስ ይለኛል። ሰው ጽፎት የሄደውን ኮድ ማንበብ፣ ሌሊት የወደቀ ሰርቨር ማስነሳት፣ «አላውቅም» ብሎ መጠየቅ እዚያ ነው የሚለመደው። ስምህን ግን አታሰርዝ። ሬጅስትራር ሄደህ ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተህ ስንት ዓመት መቆየት እንደምትችል፣ የወሰድካቸው ኮርሶችም ይሰረዙ እንደሆነ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተነገረህን ነገ የሚያስታውስልህ የለም።

ቀጣሪዎችህን ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፦ ኮዴን ማን ነው የሚያይልኝ? «አንተ ብቻህን ነህ» ካሉህ ደመወዙ አያጓጓህ። እኔም ያንን ሉፕ ይዤ የከረምኩት የሚያይልኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሁለቱን መልሶች ይዘህ ደውልልኝ። ያ ኮድ አሁንም አለኝ፣ ስትመጣ አሳይሃለሁ። ከ1.6 ቢሊዮን በላይ እንዳትስቅብኝ ብቻ።

እናትህ