ውሃውን የጠጣው ባቡር

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

"የት ጠፋህ?" ብትለኝ መብትህ ነው። መልእክትህን ሳልመልስ ስድስት ዓመት ሞላኝ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ በኋላ ማፈሩ ራሱ ሰበብ ሆነኝ። ይቅር በለኝ። አባባስ እንዴት ናቸው? አሁንም የባቡር ቆባቸውን አድርገው ከዚራ ይወጣሉ?

ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ባቡር ነው። የድሬ ልጅ ምን ያድርግ! ባለፈው ወር እዚህ አውስትራሊያ ከአዴሌድ ወደ ፐርዝ በባቡር ሄድኩ። በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። እዚህ ያሉት ልጆች "አበድክ እንዴ?" አሉኝ። መንገድ ላይ ኡልዲያ የምትባል ቦታ አለፍን። ቀይ አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ፤ በቃ። ከእሷ ወዲያ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው፣ ሐዲዱም 478 ኪሎ ሜትር ሳይታጠፍ ይሄዳል። በዓለም ከዚህ የረዘመ ቀጥ ያለ ሐዲድ የለም። እኔ ግን ሐሳቤ እዚያች ሰሌዳ ላይ ቀረ። ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ከሐዲዱ በስተሰሜን ገባ ብሎ አሸዋው ሲጫር ውሃ የሚያወጣ ቦታ ነበር። በዚያ ደረቅ አገር በድርቅ ዘመን እንኳ አይነጥፍም። ከአሸዋው ሥር ያለ የሸክላ አፈር ነው ውሃውን አቁሮ የሚይዘው። ኮካታዎች፣ ፒትጃንትጃራዎችና ሌሎችም የአገሬው ሰዎች ከሩቅ በእግራቸው እየመጡ እዚያ ይገናኙ ነበር፤ ዕቃ ይለዋወጣሉ፣ ሥርዓታቸውን ይፈጽማሉ። ውሃን "ካፒ" ይሉታል።

ባቡሩም የመጣው ውሃውን ብሎ ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ ሲዘረጋ የቆየው ሐዲድ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1917 እዚያው ኡልዲያ ላይ ገጠመ። የኛው ባቡር አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት መሆኑን አባባ ይነግሩሃል። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ደግሞ ጥማቱን ታውቃለህ። በቀን እስከ 45,000 ሊትር ይሳብ ነበር። አልበቃ ሲል ቆፈሩ፤ ሲቆፍሩ የሸክላውን አፈር በሱት፤ ጨዋማው ውሃ ገባ። በ1926 ትተውት ሄዱ። ስንት ትውልድ የጠጣበትን ውሃ ባቡሩ ዐሥር ዓመት እንኳ አላቆየውም።

ሰዎቹ ግን አልሄዱም። ባቡር ሲቆም ከእንጨት የቀረጹትን ለመንገደኛ ይሸጣሉ፣ ሳንቲምና ምግብ ይቀበላሉ። በየጣቢያው ከመስኮት ሥር ፍራፍሬ ይዘው የሚሮጡት ልጆች ትዝ አሉኝ። ዴዚ ቤትስ የምትባል አየርላንድ የተወለደች ሴትዮም ከ1919 እስከ 1935 እዚያ በድንኳን ኖራለች። በዚያ ሐሩር ጓንትና ረጅም ቀሚስ ለብሳ! "ካባርሊ" ይሏት ነበር፣ አያት እንደማለት። ታስታምማቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፤ በጎን ደግሞ "ይህ ሕዝብ ጠፊ ነው" ብላ ትጽፋለች። ይህች ሴት ግራ ገብታኛለች። ሐውልት ያቆሙላት ለእሷ ነው።

በ1933 ሚስዮን ተከፈተ፣ በ1952 ደግሞ ተዘጋ። ሰዎቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ያላታ ተወሰዱ። ቀዩን አሸዋ ለለመደ ሰው የያላታ አፈር ግራጫ ነው። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች ከኡልዲያ በስተሰሜን፣ ማራሊንጋ ላይ፣ በ1956 እና 1957 ሰባት የአቶም ቦምብ አፈነዱ።

አንዱ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በግንቦት 1957 ወታደሮች ቦምብ በቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ አንድ ቤተሰብ ሰፍሮ አገኙ። ባል፣ ነፍሰ ጡር ሚስት፣ ሁለት ልጆችና ውሾቻቸው። ወደ ኡልዲያ በእግር እየሄዱ ነበር። ሚስዮኑ መዘጋቱን የነገራቸው የለም። ወታደሮቹ በመሣሪያ መረመሯቸው፣ አጠቧቸው፣ በመኪና ያላታ አደረሷቸው። ውሾቹን ተኩሰው ገደሏቸው። ሴትዮዋ የወለደችው ልጅ በሕይወት አልነበረም። ያዩት ወታደሮች ዝም እንዲሉ ታዘዙ። ነገሩ በአደባባይ የተመረመረው በ1980ዎቹ ነው።

በ1984 የማራሊንጋ መሬት በሕግ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፣ ኡልዲያ ደግሞ በ1991። ጠፊ የተባሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ባለርስት ናቸው፤ እኔም ብሆን እዚያ ቦታ ለመርገጥ የእነሱ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ደስ አለኝ።

አሁን አንድ ነገር አባባን ጠይቅልኝ። ያኔ በእንፋሎቱ ዘመን ከድሬ እስከ አዋሽ ባቡሩ ውሃ የሚቀዳው የት የት ቆሞ ነበር? ጉድጓዶቹስ ከባቡሩ በፊት የማን ነበሩ? እኛ ያን ሁሉ ዘመን ስንመላለስ ጠይቀን አናውቅም። በድምፅ ቅረጽና ላክልኝ፣ ሲያወሩ መስማት እፈልጋለሁ።

ያው የጠፋው ወንድምህ